ዐውዳዊ ቡድኖች፤ ስም ሳይወጣላቸው ስለ ታወቁበት ታሪክ

የረቂቅ አልጀብራ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ዐውዳዊ ቡድን የሚባለው ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ትርጓሜውን ይጽፋል፤ ይኸውም ከአንድ ቡድን አባሎች መካከል አንዱን ብቻ ይዞ፣ ያንኑ አባል ደጋግሞ ከራሱ ጋራ በማባዛት ወይም በመደመር ሌሎቹን ሁሉ ማግኘት የተቻለ እንደ ሆነ ቡድኑ ዐውዳዊ ይባላል፤ ያም አባል አመንጪ ይባላል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ባሕርያቱ ይከተላሉ። የዐውዳዊ ቡድን ንኡስ ቡድን ሁሉ ራሱ ዐውዳዊ ነው። የአባሎቹ ቁጥር 12 ቢሆን፣ ለ12 አካፋዮች ሁሉ ማለት ለ1፣ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6 እና ለ12፣ ያን ያህል አባሎች ያሉት አንድና አንድ ብቻ ንኡስ ቡድን አለ። ሰዓት እንደምንቈጥርበት ዓይነት በ12 በሚዞረው የመደመር ቡድን አመንጪዎቹ ከ12 ጋራ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 1፣ 5፣ 7 እና 11 ናቸው። የያንዳንዱ ማረጋገጫ ሦስት ወይም አራት መስመር ነው። ተማሪው ይህን በደብተሩ ገልብጦ ይወጣል፤ ነገሩም እጅግ ቀላል ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ በታሪክ በዚህ ቅደም ተከተል እንዳልመጣ ማሳየት ነው። ትርጓሜው የመጣው በመጨረሻ ነው። ባሕርያቱ ተገኝተው፣ ጐደሎ ማረጋገጫ ተሰጥቶባቸው፣ ጐደሎውም ተሞልቶ፣ ታላቅ ሥራም ተሠርቶባቸው ካበቃ በኋላ ነው ቡድን የሚለው ስም የደረሰላቸው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሦስቱ መስመሮች ስንት ዘመን እንደ ፈጁ አያውቅም፤ ይልቁንም ማረጋገጫ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይገባው ፈተናውን ያልፋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ስለ ባሕረ ሐሳብ ከሚናገረው ክፍል በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ዐውድ የሚለውን ቃል የመረጥሁት እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። በግዕዝ ክብ፣ ዙሪያ ማለት ሲሆን፣ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዞሮ ዞሮ ወደ መነሻው ለሚመለስ የዘመን ቈጠራ ሁሉ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዐውደ ዕለት 7 ዕለት ነው። ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት፣ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። እነዚህ ቁጥሮች እንዲሁ የተደረደሩ አይደሉም። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በ4 ይዞራሉ፤ ዕለታቱ በ7 ይዞራሉ፤ 4 እና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዙሮች ተያይዘው ወደ አንድ መነሻ የሚመለሱት ከ4 ጊዜ 7፣ ማለት ከ28 ዓመት በኋላ ነው። የጨረቃው 19 ሲጨመር 28 ጊዜ 19 ይሆንና 532 ይመጣል። ዙሮቹ 4 እና 6 ቢሆኑ ኖሮ ግን በ24 ሳይሆን በ12 ይገናኙ ነበር። እንግዲህ ብዛታቸው የጋራ አካፋይ የሌለው ሁለት ዐውዳዊ ቡድኖች ሲጣመሩ ጥምሩ ደግሞ ዐውዳዊ ይሆናል የሚለው ሕግ፣ በዛሬው የአልጀብራ መጽሐፍ በመልመጃ መልክ የሚሰጠው፣ በዐውደ ቀመር ውስጥ በሥራ ላይ ውሎ ይገኛል።

ከዚሁ ሳንርቅ አንድ ስሌት እንሥራ። የ2016 ዓመተ ምሕረትን አበቅቴ ለማግኘት 5500 ተደምሮበት ዓመተ ዓለም 7516 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 110፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20 ይሆናል። ወንበሩ ደግሞ በ19 ተባዝቶ 190፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ ማንኛውም የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ያውቃል። ምክንያቱም 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ነው፤ በእኛ አነጋገር አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ ነው፤ 30 ደግሞ በዚያ ዙር ውስጥ እንደ ባዶ ይቈጠራል። ወንበሩ ባዶ በሆነበት ዓመት አበቅቴው ባዶ፣ መጥቅዑ 30 መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። 11 ከ30 ጋራ የጋራ አካፋይ ስለሌለው፣ ዝም ብሎ 11 እየጨመሩ በ30 ቢገድፉ 30ዎቹን ቁጥሮች ሁሉ አዳርሶ በ30ኛው ዓመት ወደ ባዶ ይመለስ ነበር። አበቅቴ ግን ይህን አያደርግም። በመጨረሻው ወንበር በ18 ላይ 18 ጊዜ 11 ማለት 198 በ30 ተገድፎ 18 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት 29 መሆን ሲገባው ባዶ ይሆናል። ጨረቃ አንድ ቀን ትዘላለች። ስለዚህ የአበቅቴ 19 ቁጥሮች በራሳቸው ንኡስ ቡድን አይደሉም፤ የ30ው ዙር በ19ኛው ላይ በሰው እጅ ተቈርጦ እንደገና የተቀጠለ ነው። ይህን የምጠቅሰው ቅኔ ከሚመስል ንጽጽር ለመራቅ ነው። ሊቃውንቱ የቡድንን ንድፈ ሐሳብ ያውቁ ነበር ማለት ስሕተት ነው፤ እነርሱ የሚፈልጉት ፋሲካን ማግኘት ነው፣ አገኙትም። ዙሩን ራሱን ለብቻው ነጥለው አልመረመሩም። የኢትዮጵያን የባሕረ ሐሳብ ጽሑፎች አጥንቶ በ1979 በመጽሐፍ ያወጣው ኦቶ ኖይገባወር ትምህርቱን በጌቲንገን የፈጸመ የሒሳብ ሰው ነበር። ጌቲንገን ከዚህ በታች የምናነሣው የጋውስ ከተማ መሆኗ ያጋጣሚ ነገር ቢሆንም ለማስታወስ ያህል ነው።

በመደመር የሚዞር ነገር ሁሉ ከሥሩ ቀላል ነው፤ 1 ሁልጊዜ አመንጪው ነውና። ችግሩ የሚጀምረው በማባዛት ላይ ነው። 7ን እንውሰድ። በ7 ተገድፈው የሚተርፉት 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ናቸው። 3ን ደጋግመን ብናበዛና በ7 ብንገድፍ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1 እናገኛለን፤ ስድስቱንም አዳረሰ። 2ን ብናበዛ ግን 2፣ 4፣ 1 ብሎ ይቆማል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ፣ 7 ብቻ ሳይሆን 13ም፣ 101ም፣ 1009ም፣ እንደ 3 ያለ ሁሉን የሚያዳርስ ቁጥር አለው ወይ? ለ7 መልሱ በግማሽ ደቂቃ ይገኛል። ለሁሉ ብሎ ለመናገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

የመጀመሪያው እርምጃ የፈረንሳዩ የሕግ ሰው የፒዬር ደ ፌርማ ነው። በጥቅምት 1640 ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድን ቁጥር ደጋግመን ስናበዛ ትራፊው ወደ 1 የሚመለስበት አርቢ ምንጊዜም ከብቸኛው ቁጥር አንድ ሲቀነስ ለሚገኘው ቁጥር አካፋይ ነው ሲል ገለጸ። የሰጠው ምሳሌ የ3 ርቢዎች በ13 ናቸው፤ 3 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 27 ነው፣ ከዚህ 1 ሲቀነስ 26 በ13 ይካፈላል፤ አርቢው 3 ደግሞ ለ12 አካፋይ ነው። ማረጋገጫው እንዳይረዝም እፈራለሁ እንጂ በላክሁልህ ነበር የሚል ቃል ጨመረበት። ፌርማ እንዲህ ያለ ልማድ ነበረው፤ ከርሱ በኋላ የመጡትም ዕዳውን ሲከፍሉ ኖሩ።

ከሁሉ ይልቅ የከፈለው የባዝሉ ተወላጅ ሌዎናርድ ኦይለር ነው። የመጀመሪያ ማረጋገጫውን በ1736 ለፒተርስቡርግ አካዳሚ አቀረበ። ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ1761 የታተመው ሌላው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ዛሬ ለሁሉም ቡድን የምንጠቀምበት ዘዴ በግልጽ ይታያል። በዚያው በ13 ላይ እናሳየው። የ3 ርቢዎች 1፣ 3፣ 9 ናቸው። ከነዚህ ውጭ ያለውን 2ን ወስደን ሦስቱን ብናባዛበት 2፣ 6፣ 5 ይመጣሉ፤ ከፊተኞቹ አንዱም አልተደገመም። ገና ያልተነካውን 4ን ብንወስድ 4፣ 12፣ 10፤ 7ን ብንወስድ 7፣ 8፣ 11። አሁን አሥራ ሁለቱም አለቁ። አሥራ ሁለቱ ሦስት ሦስት ሆነው ያለ ትርፍና ያለ ጐደሎ ስለ ተከፈሉ 3 ለ12 አካፋይ መሆን ግዴታው ነው። ይህ አሠራር ዛሬ በየመጽሐፉ የላግራንዥ ሕግ ይባላል። ላግራንዥ በ1770 እና በ1771 ስለ እኩልዮሾች ሲጽፍ ተመሳሳይ ነገር እንደ ነበረው እሙን ነው፤ ቢሆንም ለዐውዳዊ ንኡስ ቡድን የሆነው በኦይለር ወረቀት ላይ ቀድሞ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በእኔ አስተያየት የስም አሰጣጡ ኦይለርን ትንሽ በድሎታል።

እንግዲህ እያንዳንዱ አርቢ ለ12 አካፋይ እንደሚሆን ታወቀ። ይህ ግን 12ን ራሱን የሚያስፈልገው ቁጥር አለ ማለት አይደለም። አካፋይ መሆን አንድ ነገር ነው፤ እስከ መጨረሻው መድረስ ሌላ ነው።

ያለውን ሳይጠራጠር የተናገረው ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት ነው። ላምበርት የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረ፤ አብዛኛውን ዕውቀቱን ያገኘው በራሱ ንባብ ነው። እርሱን ወደዚህ ጥያቄ ከሳቡት ነገሮች አንዱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንሠራው የማካፈል ሥራ ነው። 1ን ለ7 ብናካፍል ዐሥርዮሹ 142857 እያለ በስድስት አኃዝ ይደጋገማል፤ 1ን ለ13 ብናካፍል 076923 እያለ እንደዚሁ በስድስት ይደጋገማል። 7 የሚቻለውን ሁሉ ማለት 6 አኃዝ ሲሄድ፣ 13 ግን 12 መሄድ ሲችል በግማሽ ቆመ። ምክንያቱም 10 በ7 ላይ አመንጪ ሲሆን በ13 ላይ አይደለም። ላምበርት በ1769 ለብቸኛ ቁጥር ሁሉ አመንጪ አለው ብሎ ጻፈ፤ ማረጋገጫ ግን አልሰጠም።

ኦይለር በ1773 ለዚህ ነገር ስም አወጣለት፤ ጥንተ ሥር እንደ ማለት ነው። ማረጋገጫም ሰጠ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 66 ነው፤ ዓይኖቹ ከሞላ ጐደል ጠፍተው ስለ ነበረ ሥራውን በቃሉ እየተናገረ ያስጽፍ ነበር። ማረጋገጫው ግን ሙሉ አልነበረም፤ ጐደሎውም ሊታይ የሚገባው ስለ ሆነ ትንሽ እንቆይበት።

በ13 ላይ፣ ወደ 4ኛ ርቢ ከፍ ሲል ትራፊው 1 የሚሆን ቁጥር ስንት ነው? ኦይለር ከ4 ሊበልጥ እንደማይችል ዐወቀ፤ የአራተኛ ደረጃ እኩልዮሽ ከአራት በላይ ሥር የለውምና፣ ይህም በብቸኛ ቁጥር ስንገድፍ ይጸናል። ከዚያ ግን ሥራውን ሲቀጥል ልክ 4 እንደ ሆኑ አድርጎ ቈጠረ። ከ4 አይበልጡም ማለት 4 ናቸው ማለት አይደለም፤ ሁለትም፣ አንድም ሊሆኑ ይችላሉ። በተጨማሪም አንዱን ቀመር ጥቂት ምሳሌዎች አይቶ ለሁሉ እውነት ነው አለ። ነገሩ በእርግጥ እውነት ነው፤ በ13 ላይ አራቱ ሥሮች 1፣ 5፣ 8 እና 12 ናቸው። ቀዳዳውም በሁለት መስመር ይደፈናል፤ በፌርማ ሕግ አሥራ ሁለቱም ቁጥሮች ወደ 12ኛ ርቢ ሲወጡ 1 ይሆናሉ፤ የ12ኛው ደረጃ እኩልዮሽ ደግሞ በ4ኛ ደረጃና በ8ኛ ደረጃ ይከፈላል፤ የ8ኛው ከ8 በላይ ሥር ስለማይኖረው ለ4ኛው የቀሩት ከ4 አያንሱም። ከ4 ካልበለጡና ከ4 ካላነሱ እንግዲህ 4 ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት መስመሮች በኦይለር ወረቀት ላይ የሉም። መልመጃችንን ስናርም በየጊዜው የምናገኘው ጐደሎ ይኸው ነው፤ አይበልጥም የተባለው ሳይታወቅ እኩል ነው ወደሚል ይለወጣል።

ይህን የነቀፈው ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ነው። ጋውስ በ1777 በብራውንሽቫይግ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ ያገሩ መስፍን ወጪውን ችሎ አስተማረው። በ1801 በላቲን ያሳተመውን የቁጥር ምርምር መጽሐፉን ለዚሁ መስፍን አበረከተው። የዕድሜው ቁጥር 24 ነበረ። በሦስተኛው ክፍል የላምበርትን ያለ ማስረጃ መናገርና የኦይለርን ሁለት ጐደሎዎች ስማቸውን ጠርቶ ካመለከተ በኋላ፣ በቁጥር ትምህርት እጅግ መጠንቀቅ እንደሚገባ በዚህ ምሳሌ አስረዳ። ለኦይለር ያለው አክብሮት በመጽሐፉ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ነቀፌታው የንቀት አይደለም።

የርሱ ማረጋገጫ ከሁሉ የሚያምረው ነው። በ13 ላይ እንደገና እንሥራው። ለ12 ስድስት አካፋዮች አሉት፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 12። ከአሥራ ሁለቱ ቁጥሮች እያንዳንዱ ከነዚህ በአንዱ ወደ 1 ይመለሳል። ስድስት ክፍሎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱም ቁጥር በሚመለስበት አርቢ ክፍል ይገባል። አሁን ክፍሎቹ ስንት ይይዛሉ? አንድ ቁጥር እንኳ በ6 ክፍል ውስጥ ከገባ የርሱ ርቢዎች ስድስቱን ሥሮች ይጨርሳሉ፤ ከነርሱም መካከል በ6 የሚመለሱት ከ6 ጋራ የጋራ አካፋይ የሌላቸው አርቢዎች፣ ማለት 1ኛውና 5ኛው ብቻ ናቸው። ስለዚህ የ6 ክፍል ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ልክ ሁለት ሰው ይይዛል። በዚሁ መንገድ የክፍሎቹ መቀመጫ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 4 ነው፤ ድምሩ 12። እንግዶቹም 12 ናቸው። እንግዲህ አንድ ክፍል እንኳ ባዶ ቢሆን የሚቀመጥበት ያጣ እንግዳ ይኖራል። ሁሉም ሞሉ፤ የ12ም ክፍል ሞላ፤ አራቱ ባለቤቶቹ 2፣ 6፣ 7 እና 11 ናቸው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ መቀመጫዎቹን የቈጠረው ሕግ በመጀመሪያው ሳምንት የምንማረው የዐውዳዊ ቡድን ባሕርይ ነው፤ ለአባሎቹ ቁጥር አካፋይ ሁሉ አንድ ንኡስ ቡድን፣ ለያንዳንዱም ንኡስ ቡድን የተወሰነ የአመንጪ ቁጥር። ቀላል መስሎ የታየን ነገር እዚህ ላይ የመቶ ዓመት ጥያቄ ፈታ። ጋውስ በዚህ አልቆመም፤ አመንጪ ያላቸው ገዳፊዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ዘርዝሮ ወሰነ። 8 ለምሳሌ የለውም፤ 1፣ 3፣ 5 እና 7 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው በ8 ሲገደፉ 1 ይሆናሉና ማንም አራቱን ማዳረስ አይችልም።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ምንድር ነው የሚል ቢኖር መልሱ በዚያው መጽሐፍ በሰባተኛው ክፍል አለ። ከኤውክሊድ ጀምሮ ክበብን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ በ3፣ በ5፣ በ15 እኩል ክፍል መክፈል ይታወቅ ነበር፤ እነዚህንም በእጥፍ እያደረጉ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሺሕ ዓመት ያህል አንድም አዲስ አልተጨመረም። መጋቢት 30 ቀን 1796፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው፣ ጋውስ ባለ 17 ጐኑ ቅርጽ እንደሚሠራ አገኘ። የዕለት ማስታወሻ ደብተሩ የሚከፈተው በዚህ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ከ17ቱ ነጥቦች አንዱ መነሻ ነው፤ የቀሩት 16 በተራ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ይቈጠራሉ። በዚህ ተራ ቢያዩአቸው ምንም አይገኝም። ጋውስ ግን በ3 ርቢዎች ተራ ደረደራቸው፤ 1፣ 3፣ 9፣ 10፣ 13፣ 5፣ 15፣ 11፣ 16፣ 14፣ 8፣ 7፣ 4፣ 12፣ 2፣ 6። ከዚያ አንዱን እየዘለለ ስምንት ስምንት አድርጎ ለሁለት ከፈላቸው፤ በአንድ ወገን 1፣ 9፣ 13፣ 15፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ በሌላው የቀሩት። ነጥቦቹ የሚያመለክቷቸው ሥሮች በየወገናቸው ሲደመሩ ሁለት ድምሮች ይገኛሉ፤ ሁለቱ ተደምረው ከዜሮ በታች 1፣ ተባዝተው ከዜሮ በታች 4 ይሆናሉ። ድምራቸውና ብዜታቸው ከታወቀ ሁለቱም በአንድ የሁለተኛ ደረጃ እኩልዮሽ ይገኛሉ፤ በውስጡም የ17 ካሬ ሥር ይገባል። ስምንቱ እንደገና አራት አራት፣ አራቱ ሁለት ሁለት፣ ሁለቱ አንድ አንድ ይሆናሉ፤ በያንዳንዱ ደረጃ የሚያስፈልገው የካሬ ሥር ብቻ ነው፤ የካሬ ሥር ደግሞ በኮምፓስ ይሠራል። 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1፤ ይህ ሰንሰለት የዐውዳዊው ቡድን የንኡስ ቡድኖች ሰንሰለት ነው። ለ7 እና ለ13 እንዲህ አይሆንም፤ 6 እና 12 በ3 ስለሚካፈሉ የሦስተኛ ደረጃ እኩልዮሽ መሐል ይገባል። እነዚያ ጨርሶ የማይቻሉ መሆናቸውን ጋውስ ተናገረ እንጂ ማረጋገጫውን አላሳተመም፤ ያን ያደረገው ፈረንሳዊው ቫንትዜል በ1837 ነው።

እስካሁን ድረስ ቡድን የሚል ቃል በማንም አፍ አልነበረም። ቃሉን ያመጣው ኤቫሪስት ጋልዋ ነው፤ እርሱ በ1832 በግንባር ለግንባር የሽጉጥ ግጥሚያ በሃያ ዓመቱ ሞተ፤ ጽሑፎቹንም ሊዩቪል በ1846 አሳተማቸው። ጋልዋ ግን የሚናገረው ስለ እኩልዮሽ ሥሮች መቀያየር ነበር። ነገሩን ከማናቸውም ጉዳይ ነጥሎ በምልክት ብቻ ለመግለጽ የሞከረው እንግሊዛዊው አርተር ኬይሊ ነው፤ በ1854 ባወጣው ጽሑፍ ርእስ ላይ እንኳ የጻፈው እኩልዮሽ አንድ ነገር ነ ጊዜ ተደጋግሞ ወደ 1 ሲመለስ የሚለው፣ የዐውዳዊ ቡድን እኩልዮሽ ነው። ኬይሊ በዚያን ዘመን በለንደን በጥብቅና ሥራ ይተዳደር ነበር። የአባሎቹ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር የሆነ ቡድን ዐውዳዊ ከመሆን በቀር ምርጫ እንደሌለው፣ ባለ 4 እና ባለ 6 ቡድኖች ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ዓይነት እንደ ሆኑ አሳየ። ጽሑፉ ብዙ ተከታይ ሳያገኝ ቆየ። በ1870 ክሮኔከር፣ ጋውስ በሌላው ምርምሩ ያደረገው አቈጣጠር በየቦታው እንደሚደገም አይቶ፣ የማባዛት ቅደም ተከተል የማይለውጠው ውሱን ቡድን ሁሉ ከዐውዳዊ ቡድኖች የተገጣጠመ መሆኑን አረጋገጠ። በ1882 ፎን ዲክና ቬበር፣ ሁለቱም ጀርመኖች፣ በየፊናቸው ዛሬ ከምንማረው የማይርቅ ትርጓሜ ሰጡ። ይህ ማለት ኦይለር ጥንተ ሥር ካለ ከመቶ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አይቻልም፤ አንዱን ብቻ ላንሣ። በ17 ላይ የ3ኛው ርቢ አርቢ 7 ሲሆን ትራፊው 11 ነው። ከ7 ወደ 11 መሄድ ቀላል ነው፤ 11ን ይዞ አርቢው 7 ነው ብሎ መመለስ ግን መሞከር ይጠይቃል። ጋውስ ይህን አርቢ መለያ እንደ ማለት ያለ ስም ሰጥቶ ሠንጠረዥ አወጣለት፤ ያኮቢ በ1839 እስከ 1000 ላሉት ብቸኛ ቁጥሮችና ርቢዎቻቸው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሠንጠረዥ አሳተመ። በ1976 ዲፊና ሄልማን የተባሉ አሜሪካውያን ይኸው የመመለስ ችግር ምስጢር መጠበቂያ እንደሚሆን አሳዩ። ሁለት ሰዎች በአደባባይ 17 እና 3ን ይስማማሉ። አንዱ በልቡ 5ን ይዞ 5 የሚል ትራፊ ይልካል፤ ሌላው በልቡ 7ን ይዞ 11 ይልካል። የመጀመሪያው 11ን ወደ 5ኛ ርቢ፣ ሁለተኛው 5ን ወደ 7ኛ ርቢ ሲያወጣ ሁለቱም 10 ላይ ይገናኛሉ፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን የተላኩትን እንጂ በልብ የተያዙትን አልሰማም። ብቸኛው ቁጥር በደንብ ተመርጦ የብዙ መቶ አኃዝ ሲሆን አርቢውን ፈልጎ የሚያገኝ ፈጣን ዘዴ ለተራው የሒሳብ መኪና እስካሁን አልተገኘም።

የላምበርትም ጥያቄ አልተዘጋም። ብቸኛ ቁጥር ሁሉ አመንጪ እንዳለው ጋውስ አረጋገጠ፤ ነገር ግን አንድ ቁጥር ይዘን፣ 10ን እንበል፣ ለስንት ብቸኛ ቁጥሮች አመንጪ ነው ብንል ሌላ ነገር ነው። ለ7፣ ለ17፣ ለ19 አመንጪ ነው፤ ለ13 አይደለም። 1 ሲካፈልባቸው የዐሥርዮሹ ዙር የሚቻለውን ያህል የሚረዝምላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም ወይ ማለት ነው። ኤሚል አርቲን በ1927 የላቸውም ብሎ ገመተ፤ ስንት እጅ እንደሚሆኑም ቀመር ሰጠ። ሁሊ በ1967 ሌላ ያልተረጋገጠ ግምት እውነት ከሆነ ይህም እውነት እንደሚሆን አሳየ። ሂዝ ብራውን በ1986 ከ2፣ ከ3 እና ከ5 መካከል ቢያንስ አንዱ ማለቂያ ለሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች አመንጪ መሆኑን ያለ ምንም ግምት አረጋገጠ። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ግን እስካሁን ለይቶ ያሳየ የለም።